ለየትኛው ጄኔራል እንተወው? «ጦር ማሰማራት የወታደር ጉዳይ ነው» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የሚጀምረው «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው» በሚለው ተረት ነው። ጥሩ አጀማመር ነው፤ ማን ይቃወመዋል? ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ስንት ወታደር ይዝመት፣ የት ይስፈር፣ መቼ ይውጣ የሚለው ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ለጦር አዛዦች ይተው ነው የሚሉት። ፖለቲከኛው ዓላማውን ይናገር፣ በጀቱን ይፍቀድ፣ ከዚያ ዞር ይበልላቸው።

አምስት ነጥብ አላቸው። አንደኛው፣ ጦርነትን የሚያውቀው ወታደሩ ነው። ሁለተኛው፣ የወታደር ቁጥር የሙያ ስሌት ስለሆነ ድርድር አያስፈልገውም። ሦስተኛው፣ ፓርላማ ማስፈቀድ ጊዜ ይበላል፣ ጊዜ ደግሞ ሰው ይበላል። አራተኛው፣ ጦር የሚወጣበትን ቀን ፖለቲከኛ ሲቆርጠው ጠላት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አምስተኛው ቬትናም ነው፤ እዚያ ጄኔራሎቹን ያሸነፏቸው የገዛ ፖለቲከኞቻቸው ናቸው ይላሉ።

እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም። ይህን ቀድሜ የምናገረው «አንተ ምን አውቀህ» የሚለው መልስ እንደማይቀርልኝ ስለማውቅ ነው። በቅደም ተከተል እሄዳለሁ፤ ሁሉም ላይ እኩል ግን አልቆይም። ቀኖቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

«ጦርነትን የሚያውቀው ወታደሩ ነው»

መጀመሪያ የማምንላቸውን ልመን። ጸሐፊው የጄኔራል ኤሪክ ሺንሴኪን ታሪክ አንስተዋል፤ ትክክል ነው። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2003፣ የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ የአሜሪካ ምድር ጦር ኤታማዦር ሹም ሺንሴኪ ሴኔት ፊት ቀረቡ። ከድሉ በኋላ አገሪቱን ለመያዝ ስንት ወታደር ያስፈልጋል ተብለው ተጠየቁ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሁለት ቀን ቆይተው ምክትል መከላከያ ሚኒስትሩ ፖል ዎልፎዊትዝ ግምቱን አጣጣሉት። ከዚያ ባግዳድ ወደቀች። መሥሪያ ቤቶች ሲዘረፉ የሚያስቆም፣ የጥይት መጋዘኖችን የሚጠብቅ በቂ ሰው አልነበረም። ሺንሴኪ ልክ ነበሩ።

እሺ። ግን የዚያ ዘመቻ አዛዥ ማን ነበር? ጄኔራል ቶሚ ፍራንክስ። እሳቸውም ባለ አራት ኮከብ ናቸው። አነስ ባለ ጦር በፍጥነት ባግዳድ መግባት የሚለውን ዕቅድ ከመከላከያ ሚኒስትሩ ከራምስፌልድ ጋር ሲመላለሱ ከርመው ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። አንዱ ጄኔራል ይበቃል ሲል ሌላው አይበቃም አለ። «ለወታደሩ ተዉት» ስንል እንግዲህ የትኛውን ወታደር ማለታችን ነው?

ይኼ ጥያቄ ለክርክር ያህል የተነሳ አይደለም። ከአራት ዓመት በኋላ እዚያው ኢራቅ ውስጥ ነገሩ ተገልብጦ መጣ። በ2006 መጨረሻ አገሪቱ እየነደደች ነበር። በቦታው የነበሩት አዛዥ ጄኔራል ጆርጅ ኬሲ ብዙ ተጨማሪ ጦር አልፈለጉም። የአካባቢው የበላይ አዛዥ ጆን አቢዛይድም አልፈለጉም። የጦር ኃይሎቹ ኤታማዦር ሹሞች ደግሞ ሠራዊቱ ከአቅሙ በላይ እየተለጠጠ ነው ብለው ሰግተው ነበር። ፕሬዚዳንት ቡሽ ግን ጃንዋሪ 10 ቀን 2007 አምስት ብርጌድ፣ ከ20 ሺህ በላይ ወታደር፣ እንደሚጨምሩ ተናገሩ። አዛዡንም ቀየሩ። በቀጣዩ ዓመት ግድያው በጣም ቀነሰ። ጦሩ ብቻ ነው ያመጣው አልልም፤ የሱኒ ጎሳዎች ከአልቃይዳ ጋር መጣላታቸውም ትልቅ ድርሻ ነበረው። የጸሐፊውን ደንብ ብንከተል ግን ያ ጦር አይጨመርም ነበር።

ወደ ኋላም መሄድ ይቻላል። ኦክቶበር 15 ቀን 1950፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ የዘመቻው አዛዥ ጄኔራል ዳግላስ ማካርተር ዌክ ደሴት ላይ ከፕሬዚዳንት ትሩማን ጋር ተገናኙ። ቻይና ኮሪያ ውስጥ ትገባለች ወይ ሲባሉ የመግባቷ ነገር ጠባብ ነው አሉ። በዚያን ጊዜ ከማካርተር በላይ እስያን የማውቅ ወታደር ነኝ የሚል አልነበረም። የቻይና ጦር «ያሉ» የሚባለውን የድንበር ወንዝ መሻገር የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ በመቶ ሺዎች ሆኖ መጣባቸው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ይኼኛው እንኳ ለጸሐፊው የሚያደላ ነው። ዲሴምበር 12 ቀን 1979 የሶቪየት ፖሊት ቢሮ አፍጋኒስታን ጦር እንዲገባ ወሰነ። የጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ማርሻል ኒኮላይ ኦጋርኮቭ ቀደም ብለው ተቃውመው ነበር። የታሰበው ከ75 እስከ 80 ሺህ ወታደር ሁኔታውን አያረጋጋውም አሉ። መከላከያ ሚኒስትሩ ዲሚትሪ ኡስቲኖቭ ሥራህ ትእዛዝ መፈጸም ነው ብለው ዘጉባቸው። ኡስቲኖቭም የማርሻል ማዕረግ ነበራቸው፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ግን በጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች አስተዳደር ነው። ትከሻ ላይ ያለ ኮከብ ሁሉ የጦር ሜዳ አይደለም።

ከዚህ የማየው ጄኔራሎች አያውቁም የሚል ነገር አይደለም። የሚያውቁት ነገር ይለያያል፤ አንዳንዴም እርስ በርሱ ይጋጫል። ሲጋጭ የሚዳኝ ያስፈልጋል። ኦጋርኮቭን የጎዳቸው ፖለቲከኛ መወሰኑ አልነበረም። ተከራክረው የሚደመጡበት ክፍል አለመኖሩ ነው።

«ቁጥሩ የሙያ ስሌት ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የልዩነታችን ሥር ይኼ ነው።

ጸሐፊው የመሐንዲስ ምሳሌ ያመጣሉ። መሐንዲሱ ይህን ያህል ኩንታል ስሚንቶ ያስፈልጋል ሲልህ ትገዛለህ እንጂ አትከራከረውም ይላሉ። ደስ የሚል ምሳሌ ነው፤ ግን አላለቀም። መሐንዲሱ ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት ይጠይቅሃል። ባለ ስንት ፎቅ ነው? መኖሪያ ነው መጋዘን? ስንት ብር አለህ? ስሚንቶው የሚወጣው ከአንተ መልስ ነው። «ቆንጆ ቤት ሥራልኝ» ብለኸው ብትሄድ እሱም በልቡ የሚመኘውን ቤት ይሠራል።

የወታደር ቁጥርም እንዲሁ ነው። «ከተማዋን አረጋጋ» ሲባል፣ መንገዱን መጠበቅ ነው? ቤት ለቤት መፈተሽ ነው? ለስድስት ወር ነው ለስድስት ዓመት? እያንዳንዱ መልስ ሌላ ቁጥር ይወልዳል። መልሱን ፖለቲከኛው ካልሰጠ አዛዡ ራሱ ይሞላዋል። ያኔ ፖሊሲውን ማንም ሳያስተውለው አዛዡ አወጣ ማለት ነው።

ደግሞ ቁጥሩ እንደሚነገረው አይደለም። አንድ መሪ «10 ሺህ ወታደር ላክን» ሲል የሚይዘው ሠራዊት 30 ሺህ ገደማ ነው። 10 ሺው እዚያ ነው። 10 ሺው ሊተካው እየሠለጠነ ነው። 10 ሺው ደግሞ ተመልሶ ቁስሉን እያከመ፣ መኪናውን እየጠገነ፣ ልጁን እየተላመደ ነው። እዚያ ያለውም ቢሆን ሁሉም ጠመንጃ ይዞ ቃፊር አይወጣም። ነዳጅ የሚያመላልስ፣ ውሃ የሚያጣራ፣ የሚያክም፣ የሚያበስል፣ ሬዲዮ የሚጠግን አለ። ከዚያ ደግሞ እነዚህን ሁሉ የሚጠብቅ ጥበቃ አለ። ይህን ሒሳብ ፖለቲከኞች ብዙ ጊዜ አይገባቸውም፤ ወታደሩ በግልጽ ሊነግራቸው የሚገባውም እዚህ ጋ ነው። በ2007 ተጨማሪው ጦር ኢራቅ ሲገባ ተተኪ አልተገኘም። በኤፕሪል መከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ የምድር ጦሩን የ12 ወር ግዳጅ ወደ 15 ወር አራዘሙት። ጦር ሜዳ ላይ ሆኖ ወደ ቤት የሚመለስበትን ቀን ሲቆጥር ለከረመ ልጅ ሦስት ወር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ቁጥሩ ንጹሕ ስሌት ቢሆን ኖሮ አንድ ቁጥር ብቻ ይመጣ ነበር። የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ነው። በ2009 መጸው ጄኔራል ስታንሊ ማክሪስታል ለአፍጋኒስታን ሦስት አማራጭ አቀረቡ። ትልቁ 80 ሺህ ገደማ ተጨማሪ ወታደር ነው። ያን ያህል ጦር ከየትም እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል። ትንሹ ከ10 ሺህ ብዙም የማይርቅ ነው፤ አይበቃም ተብሎ ነው የቀረበው። መሐሉ ላይ 40 ሺህ አለ። ይኼን የአቀራረብ ዘዴ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሻጩ በጣም ውዱንና በጣም ተራውን ግራና ቀኝ አድርጎ የሚፈልገውን መሐል ላይ ያስቀምጥልሃል። አንተም በነፃነት የመረጥክ ይመስልሃል።

ማክሪስታል ተንኮለኛ ነበሩ እያልኩ አይደለም። ያመኑበትን ነው ያቀረቡት። ግን ከዚያ በፊት በሴፕቴምበር፣ ተጨማሪ ጦር ካልመጣ ግዳጁ ይከሽፋል የሚለው ሚስጥራዊ ግምገማቸው ሾልኮ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር። ማን እንዳወጣው ሳይሆን ያስከተለው ጫና ነው ጉዳዩ። ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንት ኦባማ «አይሆንም» ቢሉ ጄኔራሉን ጥለው የሄዱ መሪ ተብለው ነው የሚወቀሱት። ለወራት ከተሰበሰቡ በኋላ ዲሴምበር 1 ቀን 30 ሺህ ጨመሩ። በዚያው ንግግር ጁላይ 2011 ላይ መቀነስ እንደሚጀመር ተናገሩ። ይኼ ቁጥር ከመሐንዲስ ደብተር የወጣ አይመስልም።

አማራጭ ሦስት ሆኖ ሲመጣ እንኳ ጥሩ ነው። አንድ ብቻ ሆኖ ሲመጣስ?

ኦገስት 1 ቀን 1914፣ በርሊን፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ነው። ቀኑ ወደ ማታ እየሄደ ነው። የጀርመኑ ቄሣር ቪልሄልም የክተት ትእዛዙን ፈርመዋል። ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ሄልሙት ፎን ሞልትከ ትእዛዙን ይዘው ከቤተ መንግሥት እየወጡ ሳለ ተጠሩ። ለንደን ካለው አምባሳደር ቴሌግራም መጥቷል። ፈረንሳይ ካልተነካች እንግሊዝ ፈረንሳይን ከጦርነቱ ልታስቀር ትችላለች የሚል ተስፋ ነበረው። ቄሣሩ ፈነጠዙ። እንግዲያው መላውን ጦር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሩሲያ እናዙረው አሉ።

ሞልትከ አይቻልም አሉ። የሚሊዮን ሰው ጉዞ በአንድ ማታ አይፈጠርም። ባቡሮቹ በሙሉ ወደ ምዕራብ በደቂቃ ተቀምረዋል። ብናዞረው የሚደርሰው ጦር ሳይሆን ስንቅ የሌለው የታጠቀ ሕዝብ ነው አሉ። ቄሣሩ ተናደዱ። አጎትህ ቢሆን ሌላ መልስ ይሰጠኝ ነበር አሏቸው፤ ትልቁን ሞልትከን፣ በ1870 ፈረንሳይን ያሸነፈውን ማለታቸው ነው። ሉክሰምበርግ ሊገባ የነበረው ክፍለ ጦር እንዲቆም ትእዛዝ ሄደ። ሞልትከ ቢሮአቸው ገብተው አለቀሱ። ማታ ላይ ሌላ ቴሌግራም መጣ፤ የለንደኑ ነገር የመግባባት ስህተት ነበር። ቄሣሩ የሌሊት ልብሳቸውን ለብሰው ሞልትከን አስጠሩና አሁን የፈለግከውን አድርግ አሏቸው።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚተርከው ሞልትከ ልክ ነበሩ አልነበሩም ብሎ ለመከራከር ነው። የባቡር ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ጄኔራል ከጦርነቱ በኋላ «ይቻል ነበር» ብለው ተከራክረዋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ጦሩን ወደ ምሥራቅ የሚያዘምት የተለየ ዕቅድ ቀድሞ ነበር፤ በየዓመቱ እየታደሰ ይቀመጥ ነበር። በ1913 ግን የጦር መምሪያው ማደሱን ተወው። ቄሣሩ ያን ማታ ሁለተኛውን መንገድ ሲጠይቁ መንገዱ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል። የዘጋው የመምሪያው ቢሮ ነው፣ የሙያ ሥራ ተብሎ። ጸሐፊው ሆይ፣ «ለሙያተኛው የተተወ» ውሳኔ ይህን ይመስላል።

ፖለቲከኛው ቁጥር ሲነካም ሞኝነት ይሠራል፤ አልክድም። በአፍጋኒስታን ጦርነት መጨረሻ አካባቢ ዋይት ሐውስ የወታደሩን ቁጥር ጣሪያ አበጀለት። አንድ የሄሊኮፕተር ብርጌድ ከጣሪያው ላለማለፍ አብራሪዎቹን ይዞ ሄደና መካኒኮቹን አገር ቤት ትቷቸው ቀረ። ሄሊኮፕተሮቹን የኮንትራት ሠራተኞች በገንዘብ ጠገኑ። መካኒኮቹ እዚያ ቁጭ ብለው ሙያቸውን ረሱ። ወረቀቱ ላይ ግን ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነበር። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ እጄን አውጥቼ እደግፋቸው ነበር፤ አላነሱትም።

«ፓርላማ ያዘገያል»

ይህን ቶሎ እንለፈው።

ማርች 31 ቀን 1982 ማታ ላይ አድሚራል ሄንሪ ሊች የባሕር ኃይል ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ የእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ወዳለው የጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር ቢሮ ሄዱ። ስብሰባው ላይ አልተጠሩም ነበር። መከላከያ ሚኒስትሩ ፎክላንድን ማስመለስ ከባድ ነው እያሉ ሳለ ሊች መርከቦቹን በጥቂት ቀን ውስጥ ማስነሳት እችላለሁ፣ መነሳትም አለባቸው አሉ። አርጀንቲና ኤፕሪል 2 ደሴቶቹን ያዘች። ኤፕሪል 3 ፓርላማው ቅዳሜ ቢሆንም ተሰበሰበ። ኤፕሪል 5 የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ከፖርትስማውዝ ተነሱ። ፓርላማው የት ላይ ነው ያዘገየው?

ፈረንሳይ በጃንዋሪ 2013 ማሊ ውስጥ የገባችው ፕሬዚዳንት ኦላንድ በወሰኑበት ዕለት ነው። ሕገ መንግሥቷ መንግሥት ፓርላማውን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ፣ ዘመቻው ከአራት ወር ካለፈ ደግሞ እንዲያስፈቅድ ያዛል። በኤፕሪል ተጠየቀ፣ ተፈቀደ። ጀርመን ከሁሉም ታጠብቃለች፤ ከ1994ቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ጦር ለውጊያ ግዳጅ ወደ ውጭ የሚሄደው ፓርላማው ሲፈቅድ ነው። እዚያም ቢሆን አስቸኳይ ሲሆን ቀድሞ ሄዶ በኋላ ማስጸደቅ ይቻላል። በ1997 ከአልባኒያ ዋና ከተማ ከቲራና ሰው ለማውጣት ጦር የሄደው እንደዚያ ነው።

ሰው የጨረሰ መዘግየት ካስፈለገ ሩዋንዳ አለ። በኤፕሪል 1994 እልቂቱ ሲጀመር የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ተጨማሪ ጦር ለመኑ፤ 5 ሺህ የሠለጠነ ወታደር ብዙ ሰው ያድናል አሉ። የጸጥታው ምክር ቤት ኤፕሪል 21 ጦሩ ወደ 270 ይቀነስ አለ። በሜይ 17 ሐሳቡን ቀይሮ 5,500 ፈቀደ። ከሁለት ወር በኋላ መሬት ላይ የነበረው 550 ገደማ ነው። ማንም ፓርላማ ይህን አላዘገየውም። መንግሥታቱ መላክ አልፈለጉም፤ ያው ነው። ሞቃዲሾ ውስጥ የአሜሪካ ወታደር ሬሳ ሲጎተት በቴሌቪዥን ካዩ ገና ስድስት ወራቸው ነበር።

«የመውጫውን ቀን አዛዡ ይወስን»

ጸሐፊው የመውጫ ቀን አስቀድሞ ማወጅ ጠላትን ይጠቅማል ያሉት እውነት ነው። ኦባማ ያወጁት የ2011ዱ ቀን ታሊባንን ታገሱ ከማለት አይለይም ነበር። ስለዚህ ቀን ማወጅ መጥፎ ሊሆን ይችላል፤ እስማማለሁ። ከዚህ ግን አዛዡ ይወስን የሚለው አይከተልም።

የሜዳ አዛዥ የያዘውን ግዳጅ ሳይጨርስ መውጣት አይወድም። ጥሩ አዛዥ የሚያደርገውም ይኼ ነው። ከፊቱ ያለውን ኮረብታ ነው የሚያየው። ሌላው ድንበር ላይ ምን አለ፣ ካዝናው ውስጥ ምን ቀረ፣ የሕዝቡ ትዕግስት የት ደረሰ የሚለው ከኮረብታው ላይ አይታይም።

ደግሞ ሁልጊዜ ወታደሩ ልቆይ፣ ፖለቲከኛው ልውጣ ይላል ያለው ማነው? ቤይሩት 1983ን እንይ። የአሜሪካ ማሪኖች አየር ማረፊያው አጠገብ ሰፍረው ነበር። ግዳጃቸው «መገኘት» ነው። ቃሉ እንዲሁ ነው፤ እዚያ መታየት። መከላከያ ሚኒስትሩ ዋይንበርገርና የጦር ኤታማዦር ሹሞቹ ነገሩ አላማራቸውም። ይቆዩ እያሉ የሚገፉት የውጭ ጉዳይ ሰዎች ነበሩ። ጥቃት አድራሽ እንዳይመስሉ ተብሎ የበር ጠባቂዎቹ መሣሪያ ጥይት አልጎረሰም። ኦክቶበር 23 ጠዋት ፈንጂ የጫነ መኪና አጥሩን ጥሶ ወደ ሕንፃው ገባ። 241 አሜሪካውያን ሞቱ። በዚያው ጠዋት ሌላ ሕንፃ ውስጥ 58 የፈረንሳይ ወታደሮች አለቁ። በፌብሩዋሪ 1984 ማሪኖቹ ወጡ።

«መገኘት» የሚባል ግዳጅ መቼ ነው የሚያልቀው? አዛዡን ብትጠይቀው ምን ይልሃል? የሚያልቅበት ነገር ሳይነገረው የሄደን ጦር ቀኑን አንተ ወስን ማለት ሸክሙን አሸክሞ መሸሽ ነው።

ቬትናም

ዋናው ካርዳቸው ይኼ ስለሆነ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት።

እውነት ያለበት ቦታ አለ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሰሜን ቬትናም ላይ የሚደበደቡትን ኢላማዎች ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ ላይ ከሚኒስትሮቻቸው ጋር ይመርጡ ነበር። ብዙ ጊዜ ወታደር እንኳ ማዕዱ ላይ አልነበረም። ተጠባባቂ ጦር ይጠራ ሲባሉም ሕዝቡ እንዳይነቃ ብለው እምቢ አሉ። ይኼ ጸሐፊው እንዳሉት ነው።

የእኛ ጉዳይ ግን የምድር ጦሩ ቁጥር ነው። ማርች 8 ቀን 1965 ሁለት ሻለቃ ማሪኖች፣ 3,500 ሰው፣ ዳናንግ ባሕር ዳርቻ ላይ ወረዱ። የጠየቁት አዛዡ ጄኔራል ዊሊያም ዌስትሞርላንድ ናቸው። ምክንያቱ የአየር ማረፊያውን ለመጠበቅ ነው። ማን ነው የተቃወመው? ሳይጎን የነበሩት አምባሳደር ማክስዌል ቴይለር። አንዴ በሩ ከተከፈተ ማቆሚያ አናገኝለትም ብለው ጻፉ። ቴይለር ደግሞ ተራ ዲፕሎማት አይደሉም፤ የአሜሪካ ጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም የነበሩ ጄኔራል ናቸው። እንደገና፣ ለየትኛው ጄኔራል?

በጁን ዌስትሞርላንድ 44 ሻለቃ ጠየቁ። ጁላይ 28 ጆንሰን ቁጥሩ ከ75 ሺህ ወደ 125 ሺህ እንደሚያድግ አስታወቁ። በዓመቱ መጨረሻ 184 ሺህ ገደማ ደረሰ። በ1967 መጨረሻ 485 ሺህ ገደማ ሆነ። ደቡብ ውስጥ ጦሩ እንዴት ይዋጋ የሚለውንም ዋሽንግተን ለዌስትሞርላንድ ትታው ነበር፤ ጠላትን እየፈለጉ መግደል የሚለው ስልት የእሳቸው ነው። እንግዲህ እጅ ማሰር ይኼ ከሆነ እጃቸው ያልታሰረውን ማየት ያስፈራል። የጆንሰን ጥፋት ቁጥር መከልከላቸው ሳይሆን ሳይጠይቁ እየቆነጠሩ መስጠታቸው ነው። ለምን፣ እስከ ስንት፣ ከዚያስ ምን ሳይባል ሦስት ዓመት ሄደ።

ጥያቄው የመጣው በ1968 ነው። ጠላት በቬትናም አዲስ ዓመት በዓል ላይ ከከፈተው ከቴት ጥቃት በኋላ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ኧርል ዊለር ሳይጎን ሄደው ተመለሱ። 206 ሺህ ተጨማሪ ወታደር የሚል ጥያቄ ይዘው መጡ። ቁጥሩ ውስጥ ሌላ ቁጥር ተደብቆ ነበር። ወዲያው ለቬትናም የታሰበው ግማሹ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው የተራቆተውን የአገር ውስጥ መጠባበቂያ መሙያ ነው። ዊለር ተጠባባቂው ይጠራልኝ ብለው ለዓመታት ሲለምኑ ያላገኙትን በቴት ድንጋጤ ውስጥ ሊያሳልፉት ፈለጉ። አልፈርድባቸውም፤ መጠባበቂያው በእርግጥ ተራቁቶ ነበር። ስሌት ነው የሚሉኝን ግን ይህን ቁጥር ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

ጆንሰን ጉዳዩን ለአዲሱ መከላከያ ሚኒስትር ለክላርክ ክሊፎርድ ሰጡ። ክሊፎርድ ጠበቃ ናቸው፤ የጦርነቱ ደጋፊ ተብለው ነው የተሾሙት። የተባሉት 206 ሺሁን እንዴት እናግኝ የሚለውን እንዲያጠኑ ነው። እሳቸው ግን ፔንታገን ውስጥ ጄኔራሎቹን ሰብስበው እንደ መስቀለኛ ጥያቄ ጀመሩ። 206 ሺህ ይበቃል? አናውቅም። ካልበቃ ስንት ይጨመራል? መናገር አይቻልም። እኛ ስንጨምር ጠላትስ መጨመር ይችላል? ይችላል። ጦርነቱን የምናሸንፍበት ዕቅዱ ምንድን ነው? ጠላት እስኪሰለቸው መግፋት ነው። ሊሰለቸው እንደተቃረበ ምልክት አለ? የለም።

እነዚህን ለመጠየቅ ጄኔራል መሆን አላስፈለገም። እነዚያ ጄኔራሎችም ሰነፎች አልነበሩም፤ ሐቁን ነው የመለሱት። በ1965 እነዚሁ ጥያቄዎች በዚሁ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ማርች 31 ማታ ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀረቡ። የቦምብ ድብደባው በአብዛኛው ሰሜን እንደሚቆም ተናገሩ፤ ለምርጫም አልወዳደርም አሉ። ስለ ወታደሮቹም አንድ ነገር ጣል አድርገዋል። በፌብሩዋሪው ድንጋጤ ወደዚያ የተላኩትን 11 ሺህ ሰዎች ለመደገፍ 13,500 ገደማ ይሄዳል አሉ።